ከበሮ፣ ካሆን ወይስ ጀሪካን? ለቤታችሁ የቱ ይሻላል?

እህቴ የተዳረችው ሐምሌ ላይ ነበር። ለመልሱ ብዬ አዲስ ከበሮ ገዛሁ። ሱቅ ውስጥ ሰፊውን አፉን ሁለቴ መታሁት፤ ዱም፣ ዱም አለ። ይበቃኛል ብዬ ተሸክሜው ወጣሁ።

የመልሱ ዕለት ዝናቡ ሲያወርደው ዋለ። ገና ሁለተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ ሞተ። ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ረግቧል። ገልብጠን ጠባቡን አፍ ብንሞክር እሱ ጭራሽ ስስ ሆኖ ጠፍሩ ሥር ተቀደደ። አክስቴ ምንም ሳትናገር ጓዳ ገባችና ቢጫውን የዘይት ጀሪካን ይዛ ወጣች። ሌሊቱን የጨፈርነው በእሱ ነው።

እንግዲህ ይህን ንጽጽር የሚጽፍላችሁ አንዴ የተቃጠለ ሰው ነው።

ከበሮ

ለዘፈናችንና ለእስክስታችን ከበሮን የሚያህል የለም። ሁለት አፍ አለው፤ ሰፊው ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። አንገት ላይ አንግታችሁት ሁለቱንም እያፈራረቃችሁ ትመታላችሁ፣ እየተንቀሳቀሳችሁም ትጨፍራላችሁ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሰፊውን አፍ በክርስቶስ መለኮት፣ ጠባቡን በትስብእቱ (ሰው በመሆኑ) ይመስሉታል፤ ጠፍሩ ደግሞ የግርፋቱ ሰንበር ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ስለሆነ ለሳሎን አይሆንም። ለቤት መካከለኛው ይበቃል።

አካሉ ከእንጨት ወይም ከብረት ይሠራል። እንደ ዋንዛ ያለው ተቦርቡሮ ሲሠራ ድምፁ ሞቅ ያለ፣ ለጆሮ የማይጎረብጥ ነው። ነገር ግን በደንብ ሳይደርቅ የተሠራ እንጨት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወደ መብራት አዙራችሁ ከዳር እስከ ዳር እዩት። የብረቱ ድምፅ ትንሽ ይጮኻል። ጥቅሙ ቢወድቅም አለመሰንጠቁ ነው። እኔ ልጆች ላሉበት ቤት ብረቱን እመርጣለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ቆዳውን ፈትሹ። ሁለቱንም አፍ ምቱ፤ መሀሉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን በጣት ጫፍ እየነካካችሁ ስሙ። አንዱ ጋ ጠንከር፣ አንዱ ጋ ልፍስፍስ ካለ ቆዳው እኩል አልተወጠረም ወይም ውፍረቱ ይለያያል። ጠፍሩ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች ተመልከቱ፤ የእኔ ጉድ የተጀመረው እዚያ ነው። ጠረኑ የሚከረፋ ከሆነ ቆዳው ገና በቅጡ አልደረቀም ማለት ነው። ክረምት ላይ ከመምታታችሁ በፊት ፀሐይ ካለ ፀሐይ ላይ፣ ከሌለም ከከሰሉ ፈንጠር አድርጋችሁ አሙቁት። አስጠግታችሁ ግን እንዳታቃጥሉት።

አታሞ ለእናቶች ጭብጨባና ለልጆች እጅ ትመቻለች። ለትልቅ ድግስ ግን ድምፅዋ አይበቃም።

ካሆን

ካሆን ማለት ሳጥን ነው፣ በቃ። ፔሩ ውስጥ በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን የዕቃ ሣጥን እየመቱ የፈጠሩት ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ስፔናዊው ጊታሪስት ፓኮ ዴ ሉሲያ ወደ ፍላሜንኮ አስገባው፤ ከዚያ ወዲህ ዓለምን ዞረ። ላዩ ላይ ተቀምጣችሁ የፊቱን ስስ እንጨት በእጅ ትመታላችሁ። መሀሉ ወፍራም፣ የላይኛው ጠርዝ ቀጭን ድምፅ አለው፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው የሚንጫጫ ሽቦም አለ። ችክችካ ይወጣበታል፣ ሞክሬዋለሁ።

ቆዳ ስለሌለው ዝናብ ሲመጣ እንደ ከበሮ አይረግብም። ለክራር፣ ለጊታር፣ ግድግዳ ለሚጋሩ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው፤ በጣት ጫፍ ቀስ አድርጎ መምታት ይቻላላ። ችግሩ፣ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲጨፍር እናንተ ሣጥን ላይ ተቀምጣችሁ ትቀራላችሁ። ሰርግ ቤት ይህ ያናድዳል።

ጄምቤስ?

የምዕራብ አፍሪካው ጄምቤ ያምራል፤ አንድ አፍ፣ የፍየል ቆዳ፣ በገመድ የሚወጠር። ግን ሲመቱት እንደ ጅራፍ ይጮኻል። እርጥበት ላይ ችግሩ እንደ ከበሮው ነው። ጎረቤት ከሌላችሁ ግዙት።

የኦርኬስትራውን ትልቅ ከበሮ፣ ቲምፓኒን፣ የጠየቀኝ ሰው ስላለ ነው እንጂ እሱ የቤት ዕቃ አይደለም። ጎድጓዳ የመዳብ ገንዳ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ23 እስከ 32 ኢንች ስፋት ያላቸው አራቱ አብረው ይቆማሉ፤ ድምፁ በእግር ፔዳል ይቀየራል። የእኛው ነጋሪትም ጎድጓዳ ነው፤ በበቅሎ ተጭኖ አዋጅ ሲነገር ይጎሰም ነበር። በ1934 ዓ.ም. የተጀመረው ነጋሪት ጋዜጣም ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው።

ጀሪካን

ባለ 20 ሊትሩን ያዙ። ሰፊ ጎኑ ወፍራም፣ እጀታው አካባቢ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ክዳኑን ከፍታችሁም ዘግታችሁም ሞክሩት፤ ድምፁ ይለያያል። ዘይቱን ግን በሙቅ ውኃና በሳሙና በደንብ እጠቡት፤ አለበለዚያ የሐበሻ ቀሚስ ያበላሻል።

እኔ አሁን መካከለኛ የብረት ከበሮ አለኝ፤ ሁለቱንም አፍ አስመትቼ ነው የገዛሁት። ጀሪካኑም አልተጣለም። ባለፈው ቆራሌው በራችን ሲያልፍ ልሸጠው አንሥቼ ነበር፤ አክስቴ ከእጄ ቀምታ ጓዳ መለሰችው።