የዲቲ 125 ማርሚታ ለምትፈልጉ ሁሉ፦ ካርቶኑ ሳይከፈት ገንዘብ እንዳትከፍሉ

በደሴ ከተማ ከሚገኙት የሞተር ሳይክል መለዋወጫ መደብሮች በአንዱ «የጃፓን ኦሪጅናል» ተብሎ በ9,500 ብር የተሸጠልኝ የያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)፣ ለባለአራት ምት ሞተር በተሠራ ቀጥ ያለ ቧንቧ ላይ የቆርቆሮ ሆድ ተበይዶበት፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶና የአምራቹ ስም ተለጥፎበት የቀረበ ማታለያ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ የተነሳ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ ሞተሬ ሐረጎ ዳገት ላይ ነክሶ (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ) ቆሟል። ይህን በምጽፍበት ሰዓት የተጫረው ፒስተን ጋራዥ ውስጥ በጨርቅ ላይ ተቀምጧል፤ ሻጮቹ ግን ሱቃቸውን እንደወትሮው ከፍተው የሚቀጥለውን ሰው እየጠበቁ ነው። ጉዳዩን ለሚመለከተው የንግድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አቅርቤ ውጤቱን እየተጠባበቅሁ ስለሆነ የመደብሩን ስም እዚህ አልጠራም። አሠራሩን ግን ከመናገር የሚከለክለኝ የለም።

ሻጩ ያው የምታውቁት ዓይነት ነው። ዕቃውን ስትጠይቁት በመጀመሪያ «ከገበያ ጠፍቷል» ይላል፤ ቀጥሎ «ለእርስዎ ግን እንፈልጋለን» ይላል፤ ከዚያም የቻይናውን፣ የህንዱንና የጃፓኑን ዋጋ በተራ ይጠራና የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ራሱ ያጣጥላቸዋል። በመካከሉ ሻይ ይታዘዛል፣ ቤተሰብ ይጠየቃል፣ «አብሽር» ይባላል። ለወሎ ሰው ይህ አዲስ አይደለምና አላሰለቻችሁም።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከደሴ በገራዶ አድርጎ በጉጉፍቱ በኩል ወደ ወረኢሉ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት ቀበሌዎች የክትባት ሣጥን ጭኜ የምዘዋወረው በዚህች ሞተር ሳይክል ነው፤ ከአንድ የረድኤት ድርጅት በጨረታ ከገዛኋት ጀምሮ ከሥራ አስቀርታኝ አታውቅም። ዲቲ 125 ባለሁለት ምት ናት። የሞተሯ መጠን 123 ሲሲ ብቻ ቢሆንም በዝቅተኛ ማርሽ ጭነት ተሸክማ አቀበት ትወጣለች፤ የጉጉፍቱን ብርድ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ማለዳ በአንድ ርግጫ የምትነሳ ሞተር ምን ያህል እንደምትከበር ይገባዋል። የማርሚታዋ ሆድ ግን ከሥሩ በዝገት ተበልቶ ብየዳ አልይዝ ብሎ ነበር። መካኒኬ ኮምቦልቻ ስለሆነ እሷን እዚያ አቁሜ፣ አሮጌውን ማርሚታ ፈትቼ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ በሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣሁ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር በጥሞና አንብቡልኝ፤ የተፈጸመብኝ ሁሉ የተፈጸመው በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ሻጩ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ማርሚታ አውርዶ በባንኮኒው ላይ ከአሮጌው ጎን አጋደመልኝ። ያ ማርሚታ እውነተኛ ነበር፤ ይህን ዛሬም እመሰክራለሁ። አንገቱ፣ እየሰፋ የሚሄደው ሆዱ፣ ከሆዱ በኋላ የሚጠበው ክፍል፣ የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ርቀት ሁሉ ከአሮጌው ጋር ገጥመዋል፤ በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ ነው ያረጋገጥሁት። በዋጋው ተስማማንና ገንዘቡን በስልኬ አስተላለፍሁ። የእሱም ስልክ የመልእክት ድምፅ አሰማ። አንስቶ አነበበው፤ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ፤ ከዚያ በኋላ ነው ማርሚታውን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ «ይህኛው እንኳ ለናሙና የተቀመጠ ነው፣ ቀለሙም ተቧጥጧል፤ ለዶክተር አዲሱን ነው የምንሰጠው» ያለኝ። ባንኮኒው ጫፍ ላይ ተደግፎ ለቆመው ልጅ ምንም ትእዛዝ አልሰጠውም። ልጁ ግን ወደ ጓዳ ገባና ዙሪያውን በማሸጊያ ፕላስተር የተጠቀለለ ካርቶን ይዞ ተመለሰ። ትእዛዝ ሳያስፈልገው መሄዱ ያን ጊዜ ትጋት መስሎኝ ነበር።

ፕላስተሩን ልልጥ እጄን ስዘረጋ ሻጩ መዳፉን ካርቶኑ ላይ አሳረፈ። በኃይል አይደለም፤ በወዳጅነት ነው፣ የታመመን ሰው ግንባር እንደሚነካ ሰው። «ዶክተር፣ ማሸጊያው ከተነሣ ፋብሪካው ዋስትና አይሰጥም፤ ሲገጠም መካኒኩ ፊት ይከፈታል፤ ወላሂ ያው ነው» አለኝ። ጃፓን ያለ ፋብሪካ ደሴ ላይ ስለተነሣ ፕላስተር ምን አገባው ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «አሮጌውን ደግሞ ለምን ይሸከሙታል? እኛ እንጥልልዎታለን» ብሎ ጆንያዬን በእግሩ ወደ ባንኮኒው ጀርባ ገፋው። ወዲያውም «1 ማርሚታ፣ 9,500» የሚል በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ማኅተሙ የማይነበብ ወረቀት ቀዶ ሰጠኝ። ያን ጊዜ መዳፉ ካርቶኑ ላይ፣ ጆንያዬ ከባንኮኒው ጀርባ፣ ገንዘቤ ደግሞ በእሱ ሒሳብ ውስጥ ነበር።

ኮምቦልቻ ላይ ካርቶኑ ሲከፈት ማርሚታው በውጭ ቅርጹ ዲቲን ይመስላል። ይሁን እንጂ የአንገቱ ቀዳዳዎች በሞረድ ካልሰፉ ቡሎኖቹ አልገቡም፤ አብሮ የተሰጠኝ ጓርኒሲዮንም (በመገጣጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ሙቀት እንዲችል ከብረት የተሠራ ሳይሆን እንደ ወፍራም ወረቀት የሚቀደድ ነበር። መካኒኩ ፊቱን አጨፈገገ፤ ነገር ግን አሮጌው በእጃችን የለም፣ ሥራም እየጠበቀኝ ነው፣ ስለዚህ ተገጠመ። ሚኒሞ ላይ ስትሠራ ድምፅዋ ከመጉላቱ በስተቀር ጉድለት አልታየባትም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው አቀበት ማንኛውንም ሞተር ይፈትናል። ሐረጎን ስጀምር ድሮ በሦስተኛ የምትወጣውን በሁለተኛ እምቢ አለች። ጋዝ በሰጠኋት መጠን ጩኸቷ ይጨምራል እንጂ ወደ ፊት አትስብም። ጠመዝማዛው ላይ ስደርስ ድምፁ በድንገት ተቆረጠና የኋላ ጎማው ተቆለፈ። ፍሪሲዮኑን ወዲያው ባልጨብጥ ኖሮ ከኋላዬ ይከተለኝ የነበረው የጭነት መኪና ምን ያደርገኝ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ሲፈታ ካንዴላው ነጥቷል፤ ፒስተኑ በጭስ መውጫው በኩል ከላይ እስከ ታች ተጭሯል፤ ፋሻዎቹም (የፒስተኑ ቀለበቶች) በቦታቸው ተጣብቀዋል። የቤንዚንና የአየር ቅይጡ ስለሳሳና ሙቀቱ ከልክ ስላለፈ ነው ሲል መካኒኩ አስረዳኝ። ከዚያም ማርሚታውን በመጋዝ ሰነጠቀው። በውስጡ ከአንገት እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ቀጭን ቧንቧ ያልፋል፤ ሆዱ ከላይ የተሸፈነ ባዶ ጌጥ ነው። በክብደቱ እንዳይታወቅም ከሆዱ ውስጥ የብረት ቁርጥራጭ ተበይዷል። ይህን የሠራው ሰው ብየዳ ያውቃል፤ ያን ያህል ጥረት ትክክለኛ ሥራ ላይ ቢያውለው ኖሮ ከብሮ ነበር።

ሁለቱን ግማሽ ይዤ ወደ መደብሩ ተመለስኩ። በሽያጩ ዕለት «ዶክተር» እያለ በአንቱታ ሲያናግረኝ የነበረው ሻጭ ከመቀመጫው አልተነሣም። «ቆርጠህ አምጥተህ ነው እንዴ ቀይሩልኝ የምትለው?» አለኝ። ሳይቆረጥ ውስጡ እንደማይታይ ስነግረው፣ ወረቀቱ ላይ ማርሚታ ነው የሚለው፣ ማርሚታም ወስደሃል አለኝ። ለዲቲ የተሠራ አይደለም ስለው «ቧንቧ ያው ቧንቧ ነው፤ ጭስ ካወጣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ሲል በዚያ የነበሩት ሳቁ። ያ ካርቶኑን ያመጣው ልጅ ደግሞ፣ ዕድሜው ከእኔ ልጅ የማይበልጥ፣ ስልኩን እየነካካ ቀና ሳይል «ዶክተር ከሆንክ ላም አክም፤ ሞተር እኛን አታስተምረን» አለኝ። ከሰጠሁት ገንዘብ ይልቅ እስካሁን የሚያቃጥለኝ ያ ልጅ ቀና አለማለቱ ነው።

በዚህ መሀል ዓይኔ መደርደሪያው ላይ ዐረፈ። እኔ ያየሁት «ናሙና» በቦታው ተመልሷል። ከሱ ጎን ብርማ ቀለም የተቀባ ሌላ ማርሚታ ተቀምጧል፤ ከሆዱ ሥር በቀለሙ ውስጥ የሚታየው ያበጠ የነሐስ ብየዳ ኮምቦልቻ ላይ እኔ ራሴ ቆሜ ያስበየድኩት ነው። ይጣልልዎታል የተባለው አሮጌ ማርሚታዬ ለሽያጭ ቀርቧል! ጠቁሜ ስጠይቃቸው «ሁሉም አሮጌ ይመሳሰላል» ተባልኩ።

«ቧንቧ ያው ቧንቧ ነው» የሚለውን ንግግር ሳልመልስለት ማለፍ አልችልም፤ ብዙ ሻጮች የሚያመልጡት በዚህች ዓረፍተ ነገር ነውና። ለባለአራት ምት ሞተር ነገሩ እንዲያ ሊመስል ይችላል፤ ጭሱ በቫልቭ ይወጣል፣ ቫልቩ ይዘጋል፣ ቧንቧውም ድምፁን ቀንሶ ጭሱን ወደ ኋላ ይሸኛል። ባለሁለት ምት ሞተር ግን ይህን መውጫ የሚዘጋለት ቫልቭ የለውም። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ የጭሱ መውጫና የአዲሱ ቅይጥ መግቢያ ለቅጽበት አብረው ክፍት ስለሚሆኑ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ከጭሱ ጋር ተያይዞ ያመልጣል። ይህን የሚገታው የማርሚታው ሆድ ነው። ከሲሊንደሩ የወጣው የግፊት ሞገድ እየሰፋ በሚሄደው ክፍል ሲያልፍ በውስጥ የቀረውን ጭስ ስቦ ያወጣል፤ ወደሚጠበው ክፍል ሲደርስ ደግሞ ተመትቶ ይመለስና አምልጦ የወጣውን ቅይጥ መውጫው ከመዘጋቱ በፊት ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ሞገዱ በጊዜው እንዲደርስ የሚያደርገው የቧንቧው ርዝመትና የሾጣጣው ቅርጽ ነው፤ ረዥሙ በዝቅተኛ ዙር፣ አጭሩ በከፍተኛ ዙር ጉልበት ይሰጣል። በናይትሮ ነዳጅ የሚሠሩት ትናንሽ የሪሞት መኪኖች ሞተር እንኳ፣ 3.5 ሲሲ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ማርሚታው ሲቀየርበት ጠባዩ ይለወጣል።

የዚህን ሆድ ምስጢር በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ጀርመን ኤምዜድ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ አጥንቶ ለውድድር ያበቃው ዋልተር ካደን የተባለ መሐንዲስ ነው። የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኧርንስት ዴግነር በ1961 እ.ኤ.አ. ለውድድር ስዊድን በሄደበት ከድቶ ዕውቀቱን ለሱዙኪ አስረከበ፤ ሱዙኪም በሚቀጥለው ዓመት በእሱ አሽከርካሪነት የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ቧንቧ ያው ቧንቧ ቢሆን ኖሮ ጃፓኖች ያን ያህል ባልደከሙለት። ይህን ለልጁ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ከስልኩ ቀና ስላላለ ተውኩት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው መድን እንደሆነ በቁጥር 2287 ደንግጓል። ግድግዳቸው ላይ የለጠፉት «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ሆን ተብሎ የተደበቀን ጉድለት አይሸፍንም። የእኔን አቤቱታ የሚያደክመው ግን ወረቀቱ ላይ የሞተሩ ዓይነትም ሆነ «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል አለመጻፉ ነው፤ ለዚህ ነው በእስክሪብቶ ቀደው የሚሰጡት። የተቆረጠውን ማርሚታ፣ የገንዘቡን ማስተላለፊያ መልእክትና የመካኒኩን የጽሑፍ አስተያየት አያይዤ አስገብቻለሁ።

ስለዚህ ካርቶኑ ባንኮኒው ላይ ሳይከፈትና ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ሳይለካ ገንዘብ አታስተላልፉ። በአንገቱ በኩል በስልካችሁ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ ከአንገቱ ቀጥሎ እየሰፋ ካልሄደ አትውሰዱት። ደረሰኙ ላይ የሞተሩ ዓይነት በስሙ ይጻፍ፤ አሮጌውንም ለማንም አትተዉ።

የእኔ ሲሊንደር በቶርኖ ተቦርቡሮ የሚድን አይመስልም ተብሏል። በመደበኛው የ56 ሚሊሜትር ልክ ያለ የዲቲ 125 ሲሊንደር ከነፒስተኑ ያለው ሰው ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ ካለ ይጻፍልኝ፤ ራሴ መጥቼ፣ ለክቼ፣ እዚያው ከፍዬ እወስደዋለሁ።