ማስታወቂያ የሚተፋ ኮምፒውተር፦ ከፍሎ ማጽዳት ወይስ በነፃ?

«ኮምፒውተሬ ማስታወቂያ እየተፋ አስቸገረኝ፤ የቱን ልግዛ?» ስንቴ እንደተጠየቅኩ ቆጠራውን ትቼዋለሁ። መልሴ አጭር ነው፦ ምንም አትግዙ። ይህን የምለው ገዝቼ ስላየሁት ነው።

ብሮውዘሬ በራሱ ጊዜ ገጽ እየከፈተ ሲያሰለቸኝ «ነፃ ፍተሻ» የሚል ማጽጃ አወረድኩ። ከ1,000 በላይ «አደጋ» አገኘሁ ብሎ በቀይ ደረደረልኝ። «አጥፋ» የሚለውን ስጫን የካርድ ቁጥር ጠየቀኝ። ለካ ነፃው ፍተሻው ብቻ ነው! ደንግጬ ከፈልኩ። በኋላ ተረጋግቼ ዝርዝሩን ሳየው አብዛኛው ኩኪ፣ ማለትም ድረ ገጾች ብሮውዘር ውስጥ የሚተዉት ትንሽ ፋይል ነው፤ ብሮውዘሩ ራሱ በነፃ የሚያጠፋው። ማስታወቂያው አልቆመም። ዓመት ሲሞላ ደግሞ ሳይጠይቀኝ አድሶ ከካርዴ ቆረጠ። ያውም ከመጀመሪያው አስበልጦ፤ የመጀመሪያው «ቅናሽ» ነበርና።

አሁን የምጠቀመው አድውክሊነር የሚባለውን ነፃ ማጽጃ ነው። ፍተሻውም ማጥፋቱም ዜሮ ሂሳብ። መጫን እንኳ አያስፈልገውም፤ ፋይሉን ከፍቶ ማስኬድ ነው። የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። አደጋው አስመሳዩ ላይ ነው። በስሙና በመልኩ ተሠርቶ ገንዘብ የሚጠይቅ ወጥቶ ያውቃል። አድውክሊነር ለማጥፋት ክፍያ ከጠየቃችሁ አድውክሊነር አይደለም፤ ዝጉት። ከ2016 ጀምሮ ባለቤቱ ማልዌርባይትስ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ ስለሆነ ከዚያው ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ጎግል ላይ ፈልጋችሁ መጀመሪያ የመጣውን አትጫኑ፤ እሱም ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። አስመሳይ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ2017 በክሮም ስቶር ውስጥ ራሱ፣ አድብሎክ ፕላስ የተባለውን የማስታወቂያ ማገጃ መስሎ የገባ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) እስኪነሳ ድረስ 37,000 ያህል ሰው ጭኖት ነበር።

በኩባንያው ስም የሚጠራው ማልዌርባይትስ የተባለው ፕሮግራምስ? ነፃው ፈትሾ ያጠፋል። የሚከፈልበት ደግሞ ቫይረስ እንዳይገባ ሁልጊዜ ዘብ ይቆማል። ሲጫን የሚከፈልበትን ለ14 ቀን ያስሞክራል፤ ሲያልቅ ወደ ነፃው ይመለሳል። ስለዚህ ለማጽዳት ብላችሁ አትክፈሉ። ለጥበቃ ከሆነ ዲፌንደር የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር አብሮ መጥቷል። በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ገብታችሁ ያልተፈለጉ አፖችን የሚያግደው ማብሪያ «ኦን» መሆኑን ብቻ እዩ።

ሌላ ነፃ አንቲቫይረስ ልጫን ለምትሉ፣ ነፃም ሂሳብ አለው። አቫስት የተጠቃሚዎቹን የብሮውዘር መረጃ ሲሸጥ ተገኝቶ በ2024 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል።

ደግሞ ብዙ ጊዜ ማጽጃ ጭራሽ አያስፈልግም። አክስቴ «ልጄ፣ አምስት ቫይረስ ገብቶብኛል ይለኛል» ብላ ጠራችኝ። በቀኝ በኩል ከታች ብቅ የሚለውን አየሁት። ከቀዩ ጽሑፍ ሥር በደቃቅ ፊደል ክሮም ይላል፣ ከጎኑ የማላውቀው ድረ ገጽ ስም። ቫይረስ የለም፤ ድረ ገጹ በክሮም በኩል የሚልከው ኖቲፊኬሽን (ብቅ የሚል መልእክት) ነው። የሆነ ገጽ «ሮቦት አለመሆንሽን ለማረጋገጥ ፍቀጂ» ብሏት ፈቅዳለች። ክሮም ሴቲንግ፣ ከዚያ የሳይት ሴቲንግ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽን፤ ስሙን ፈልጌ አጠፋሁት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እሷ ግን አንቲቫይረስ ልትገዛ ካርዷን አውጥታ ነበር።

ገጽ በራሱ ሲከፈት ደግሞ ኤክስቴንሽኖቹን እዩ፤ እኔ ጭኜዋለሁ የማትሉትን አውጡ። ቀጥሎ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን የክሮም ምልክት በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ በሉትና ታርጌት የሚለውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ከክሮም ዶት ኢኤክስኢ ኋላ የድረ ገጽ አድራሻ ከተቀጠለ ደርሳችሁበታል፤ አድራሻውን ብቻ ቆርጣችሁ ጣሉ።

ፎርማት፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን፣ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ወንድሜ ግን ከሱ ጀመረ፤ ከፍሎ አስደረገ። ቤት ገብቶ ክሮም ላይ በአካውንቱ ሲገባ ያው ማስታወቂያ ተመልሶ መጣ። ክሮም በአካውንቱ ያስቀመጠውን ሁሉ መልሶ ስለሚጭን (ሲንክ ይሉታል) ኤክስቴንሽኑም ተከትሎት ነበር።