ቬፕ፦ ዝቅተኛ ዋት ወይስ ከፍተኛ ዋት?

ሁለት የቬፕ (ፈሳሽ አሙቆ እንፋሎቱ የሚሳብበት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ወዳጆች ከተገናኙ ይህ ክርክር አይቀርም።

ዝቅተኛው ብዙውን ጊዜ የኮይሉ (ፈሳሹን የሚያሞቀው ሽቦ) የኤሌክትሪክ መቋቋም 1 ኦም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ከ10 እስከ 15 ዋት ይበቃዋል። እንደ ሲጋራ መጀመሪያ ወደ አፍ ይሳባል። ከፍተኛው ከ1 ኦም በታች ነው፤ 40 ዋትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ በቀጥታ ሳንባ ይገባል።

ወጪ፦ ዝቅተኛው ፈሳሽም ባትሪም ይቆጥባል። ከፍተኛው ሆዳም ነው።

ጭስ፦ ከፍተኛው ያሸንፋል። አለቀ።

ኒኮቲን፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በሚሊ ሊትር 20 ሚሊግራም ያለው ፈሳሽ ለዝቅተኛው ነው። ያንኑ 60 ዋት ላይ ከሳቡት ጉሮሮ ይለበልባል፣ ራስ ያዞራል። ለከፍተኛው 3 ሚሊግራም ደህና ነው።

አያያዝ፦ አዲስ ኮይል ገጥሜ፣ ኮይሉ ውስጥ ያለው ጥጥ ፈሳሹን ሳይጠጣ 70 ዋት ላይ ተጫንኩት። አፌ ውስጥ የተቃጠለ ጨርቅ የጎረስኩ መሰለኝ። ኮይሉም በአንድ ስቦሽ ተሰናበተ። ዝቅተኛው እንዲህ ዓይነቱን ችኮላ ትንሽ ይታገሳል። ወፍራም ፈሳሽ ግን አይስማማውም፤ ፈሳሹ የሚገባባቸው የኮይሉ ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው።

አደጋ፦ መቆጣጠሪያ ቺፕ በሌለው መሣሪያ ሙሉ ባትሪ 4.2 ቮልት ይሰጣል። 0.2 ኦም ኮይል ላይ 21 አምፔር ማለት ነው፤ ይህን የማይችል ባትሪ ብዙ ነው። ሒሳቡን የማይሠራ ሰው ባይነካው ይሻላል።

ሲጋራ ለመተው ለሚታገልና ኪሱ የሚገባ ነገር ለሚፈልግ ዝቅተኛው ይስማማዋል። ኒኮቲኑን ቀንሶ ጣዕሙን ለሚያሳድድ፣ ጥጥ መቀየር ለማይሰለቸው ደግሞ ከፍተኛው።