ስድስት ተኩል ሳንቲ ሜትር፦ በጎንደር አንድ ጋራዥ ከፍታው ስለተስተካከለልኝ የጀልባ ሞተር

ጎርጎራ ላይ ዓሣ ለማስገርና አልፎ አልፎ ሰው ለማድረስ የምገለገልበት፣ ስድስት ሜትር ርዝመት ያለው የፋይበር ግላስ ጀልባ አለኝ። ከኋላው 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ያማሃ ሞተር ተሰቅሎለታል። ለሁለት ዓመት ያህል ነዳጅ ከሚገባው በላይ እየበላ፣ መሪው ወደ አንድ ወገን እየሳበ፣ ከኋላው ውሃ እየረጨ ሲሄድ ጥፋቱን አንዴ በቤንዚኑ፣ አንዴ በካርቡሬተሩ፣ ሲብስም በሞተሩ ዕድሜ ሳመካኝ ቆየሁ። ችግሩ ግን በሞተሩ ውስጥ ሳይሆን በተሰቀለበት ከፍታ ላይ ነበር። ይህን ያወቀልኝና ያስተካከለልኝ ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ አንድ ጋራዥ ስለሆነ፣ ሥራውን ከነጉድለቱ ልጽፈው ወደድሁ።

ጋራዡ የጀልባ ጋራዥ አይደለም። ግቢው ውስጥ የሚታዩት የደምቢያ ገበሬዎች የመስኖ ፓምፖች፣ ባጃጆችና የወፍጮ ሞተሮች ናቸው። እኔም ሞተሩን ብቻ ፈትቼ፣ በፒክአፕ ጭኜ ስሄድ ብዙ ተስፋ አልነበረኝም። መካኒኩ ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁን ጥቂት ካዳመጠ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ሞተሩ ደኅና ነው። እኔ መለካት የምፈልገው ከጀልባው ጋር ነው፤ ለብቻው ምን ይነግረኛል?» አለኝ። በማግስቱ በቆላ ድባና በጯሂት አድርገን ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጎርጎራ ወረድን። ስለዚህ ሥራ አንድ ነገር ብቻ አመስግን ብባል የማመሰግነው ይህንን ጉዞ ነው፤ ሞተሩን ግቢው ውስጥ ፈታትቶ ገንዘቤን መቀበል ይችል ነበርና።

ልኬቱ ቀላል ነበር። ጀልባውን ወደ ደረቅ መሬት ጎትተን ካወጣነው በኋላ፣ ቀጥ ያለ ጣውላ ከጀልባው ሆድ ሥር አስጠግቶ ጫፉን እስከ ሞተሩ ድረስ ዘረጋው፤ ሞተሩንም ቀጥ ብሎ መቆሙን በውሃ ልክ አረጋገጠ። ውሃውን እየገፋ ጀልባውን ከሚያስኬደው ከኤሊካው በላይ አንድ አግድም የተሠራ ጠፍጣፋ ክንፍ አለ። ብዙ ሰው «ካቪቴሽን ፕሌት» ይለዋል፤ ትክክለኛ ሥራው ግን ኤሊካው ከውሃው ገጽ አየር እንዳይስብ መከላከል ነው። ይህ ክንፍ እንደ መነሻ ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይም ከዚያ እስከ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መገኘት ሲገባው፣ የእኔው አራት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። ምክንያቱም ሞተሩ ረጅም እግር ያለው፣ ማለትም የሚሰቀልበት የጀልባ የኋላ ግድግዳ 51 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እንዲኖረው ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ የጀልባዬ የኋላ ግድግዳ 47 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ሲሸጥልኝ ይህንን የነገረኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አራት ሳንቲ ሜትር ምን ያደርጋል የሚል ሰው ውሃ ውስጥ እጁን ከትቶ በፍጥነት የሚሄድ ጀልባ ላይ ይቀመጥ። የሞተሩ እግር በውሃው ውስጥ በጠለቀ ቁጥር የሚገጥመው ተቃውሞ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ መሪው ይከብዳል። በሌላ በኩል ከልክ በላይ ከፍ ካለ ኤሊካው አየር ይስባል፤ የሚገፋው ውሃ ስለሚያጣ የሞተሩ ዙር በድንገት ይጮኻል፤ ጀልባው ግን አይሄድም። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ የማቀዝቀዣው ውሃ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በሞተሩ እግር ላይ መሆናቸው ነው። እነሱም አየር መሳብ ከጀመሩ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሊግል ይችላል። ስለዚህ ፍለጋው ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

የሞተሩ ማንጠልጠያ ላይ የብሎን ቀዳዳዎች በ19 ሚሊ ሜትር ልዩነት ተደርድረዋል። በእነሱ ብቻ ማንሣት ይቻል ነበር፤ መካኒኩ ግን ከዚያ የተሻለ ሐሳብ አቀረበ። በአሜሪካ «ባስ» የሚባለውን ዓሣ በፈጣን ጀልባ የሚያድኑ ሰዎች ጃክ ፕሌት የሚባል መሣሪያ በጀልባውና በሞተሩ መካከል ያስገባሉ። ሞተሩን ወደ ላይና ወደ ታች ያንሸራትተዋል፤ ጥቂትም ወደ ኋላ ያርቀዋል። ከጀልባው ሆድ ሥር የሚወጣው ውሃ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ወደ ላይ ስለሚነሣ፣ ለእያንዳንዱ 25 ሳንቲ ሜትር መራቅ ሞተሩን ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ እግሩ ቢነሣም ኤሊካው ንጹሕ ውሃ ያገኛል ማለት ነው። በእነዚያ ጀልባዎች ላይ ብዙውን ጊዜ በሃይድሮሊክ ይሠራል፤ ነጂው አዝራር ይጫናል፣ ሞተሩ ይወጣል። የእኔው ከወፍራም ላሜራ ተቆርጦ፣ የማንሸራተቻ ስንጥቆቹ በፍሬሳ (በብረት መቅረጫ ማሽን) ወጥተው፣ በእጅ በብሎን የሚጠብቅ ሆኖ ተሠራ። ሞተሩን ወደ ኋላ የሚያርቀው 14 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ እንዳይሆን እኔም ፈርቻለሁ፤ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሞተር ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር በኋላው ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ይጨምራልና።

ሙከራውን ያደረግነው ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ ነው። ሁልጊዜ ሁለት ሰው፣ ሁልጊዜ እኩል ቤንዚን፣ ወደ ማንዳባ አቅጣጫ ሄዶ መመለስ፤ ፍጥነቱን በስልክ ጂፒኤስ፣ ዙሩን በሞተሩ ዙር ቆጣሪ። በአሮጌው ከፍታ የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲከፈት በደቂቃ 4,300 ዙርና በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ነበር። ክንፉ ከሆዱ ጋር እኩል ሲሆን መሪው ወዲያው ቀለለ፤ መርጨቱም ቆመ። ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል 4,700 ዙርና 41 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ባሕሩ ዳር ሆነው ይመለከቱን የነበሩ አንድ አረጋዊ የታንኳ ቀዛፊ፣ «ልጄ፣ ሞተሩን ከውሃው አወጣኸው፤ በምን ሊሄድ ነው?» ብለው መካኒኩን ጠየቁት። እውነትም ቀጥሎ ባደረግነው ሙከራ፣ አራት ተኩል ሳንቲ ሜትር ላይ፣ የእሳቸው ጥያቄ መልስ አገኘ፤ ዙሩ ጨመረ፣ ፍጥነቱ ግን አልጨመረም፤ ሲታጠፍ ኤሊካው ውሃውን ለቀቀ፤ ከሞተሩ ጎን የሚወረወረው የማቀዝቀዣ ውሃም ቀጠነ። መካኒኩ ያንን ቀጭን ውሃ እንዳየ ሞተሩን አጠፋው፤ ወደ ሁለት ተኩሉም ተመለስን። ከመነሻው ሲቆጠር ሞተሩ ስድስት ተኩል ሳንቲ ሜትር ተነሥቷል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲከፈት ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር እንዲደርስ ይፈልጋል፤ እኛ ያገኘነው 4,700 ግን ከታችኛው ድንበር ብዙም አልራቀም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሐይቅ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ባሕር ወለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ለእያንዳንዱ ሺህ ሜትር አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ከፍታውን ብቻ ማስተካከል ግማሽ ሥራ ነው፤ የኤሊካው ጥርስ ጥመትም፣ ማለትም ኤሊካው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ወደ ፊት ሊሄድ የሚገባው ርቀት፣ መቀነስ ነበረበት። አንድ ኢንች ጥመት ሲቀንስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይገኛል፤ የእኔ ባለ 13 ኢንች ጥመት ኤሊካ በባለ 11 ቢተካ ሞተሩ ይተነፍስ ነበር። ጋራዡ ይህንን አላነሣም፤ ኤሊካም አይሸጥም። ሌላ ቦታ እስካገኝ ድረስ ባለችው እየሄድሁ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ብሎኖቹ ነው። ተራ የብረት ብሎን ተጠቅሞ፣ ክረምት ሳይወጣ ዝገት ወረዳቸው። ከዚያ የባሰው ግን በኋላው ግድግዳ ላይ የበሳቸውን ቀዳዳዎች በሲሊኮን ሳይደፍን መተዉ ነው። የፋይበር ግላስ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ውስጡ እንጨት ስለሆነ በቀዳዳው የገባ ውሃ ቀስ በቀስ ያበሰብሰዋል። ስነግረው አልተከራከረም፤ መጥቶ ደፈነው፤ የማይዝጉትን ብሎኖችና ዳዶዎች ግን በራሴ ወጪ ገዛሁ። የነዳጁ ቱቦም ሞተሩ ወደ ኋላ በመራቁ አጥሮ ነበር፤ እሱን ተለዋጭ ቱቦ ገዝቼ ቀየርሁት። ሦስት ቀን የተባለው ሥራ ሁለት ሳምንት ወሰደ፤ ዋጋው ግን ከተስማማንበት አንዲት ብር አላለፈም።

ወደ ደልጊ ስምንት ሰው ጭኜ ስሄድ የጀልባው አፍንጫ ስለሚነሣና ኋላው ስለሚሰምጥ፣ ሁለት ተኩሉ ከፍታ አልተስማማኝም፤ ማዕበል ሲነሣ ኤሊካው አልፎ አልፎ አየር ይስብ ነበር። ሞተሩን ወደ እኩሉ ማውረድ ግን ሁለት ሰው፣ ሁለት መፍቻና ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል። ከፍታው ከእምቦጭ ያድነኛል ብሎ የሚያስብ ሰውም እንዳይታለል፤ ሐይቁ በግንቦትና በሰኔ ሲጎድል ሞተሩን ከጭቃው ማራቁ እውነት ነው፣ እምቦጩ ግን ሞተሩ ከፍም ቢል ዝቅም ቢል በኤሊካው ላይ ይጠመጠማል፤ የማቀዝቀዣውንም ቀዳዳ ይደፍናል።

መካኒኩ ከመሄዱ በፊት በላሜራው ጎን ላይ በነጭ ቀለም ሁለት መስመር አሰመረልኝ። የላይኛው ለእኔና ለረዳቴ፣ ከመረብና ከጥቂት የቆሮሶ ዓሣ ጋር ለምንመለስበት ቀን ነው፤ የታችኛው ሰው ስጭን ነው። ቀለሙ እስካሁን አልለቀቀም።