ራይዘን 5 7600 እና 32 ጊጋ ዲዲአር5፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

በቅድሚያ ፍርዴን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ተቀምጦ የጌም ኮምፒውተር ለሚገጣጥም ሰው ራይዘን 5 7600 የሚባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ከበቂ በላይ ነው። ከሱ ጋር ሁለት ባለ16 ጊጋ ዲዲአር5 ራም፣ ፍጥነታቸው 6000፣ ሲኤላቸው (የመዘግየት ቁጥራቸው) 30። ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ማሽኔ ውስጥ ያሉት እነዚህ ናቸው። ማታ ማታ ጌም እጫወትበታለሁ። ቀን ሥራዬን እሠራበታለሁ፣ አልፎ አልፎም ቪዲዮ አቀናብርበታለሁ። እስካሁን ፕሮሰሰሩ አነሰኝ ያልኩበት ቀን የለም።

ትልቁ ጥያቄ ዕቃው ከየት ይምጣ የሚለው ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብር የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ሱቅ የሚገኘው አዲስ ዕቃ ዋጋው አልቀመስ ብሏል። ምርጫውም ጠባብ ነው። ስለዚህ ኬዙን፣ ፓወር ሳፕላዩንና ሞኒተሩን እዚሁ ገዛሁ። ፕሮሰሰሩን፣ ማዘርቦርዱንና ራሙን ደግሞ ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለበዓል ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ሮክቪል ያለው ማይክሮ ሴንተር የሚባለው የኮምፒውተር ዕቃ መደብር ሦስቱን አንድ ላይ አድርጎ በቅናሽ ይሸጣል። ዲሲ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ይህን ያዙልኝ።

ዕቃው በሻንጣ የሚመጣ ከሆነ ልታዩት የሚገባ ነገር አለ። ኤኤም4 በሚባለው በቀድሞው የኤኤምዲ ሶኬት (ፕሮሰሰሩ በሚሰካበት ቦታ) ላይ የሚገጠሙት ፕሮሰሰሮች ከሥራቸው ከአንድ ሺህ በላይ ቀጫጭን እግሮች አሏቸው። አንዷ ብትጣመም ጣጣ ነው። 7600 በሚገጠምበት በአዲሱ ኤኤም5 ግን እግሮቹ ወደ ማዘርቦርዱ ሶኬት ተዛውረዋል። ፕሮሰሰሩ ከሥሩ ጠፍጣፋ ነው፣ በእጅ ቦርሳም ቢሆን ይመጣል። ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ለማዘርቦርዱ ነው። ሶኬቱን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ፕሮሰሰሩ እስኪገጠም ድረስ ከቦታው መነሳት የለበትም። ለሚያመጣላችሁ ሰው ካርቶኑን እንዳይከፍት ንገሩት።

ከ7600 በላይ ልቤን የወሰደው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ነበር። ለጌም ተብሎ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ኤኤምዲ ተጨማሪ ካሽ ሜሞሪ ደርቦበት 96 ሜጋባይት አድርሶታል፤ የኔው 32 ነው። ፕሮሰሰሩ የሚፈልገውን መረጃ ራም ድረስ ሄዶ ከማምጣት እዚያው አጠገቡ ስለሚያገኘው ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ይጨምራል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን በደንብ የሚታየው ከባድ ግራፊክስ ካርድ ላለው ሰው ነው። የኔ ካርድ አርቲኤክስ 4060 ነው። በአብዛኛው ጌም ቀድሞ የሚደክመው ካርዱ እንጂ ፕሮሰሰሩ አይደለም። የዋጋውን ልዩነት ለካርድና መብራት ሲሄድ በባትሪ ለሚያቆየው ዩፒኤስ ማዋል ያዋጣል ብዬ ወሰንኩ። ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

ኢንቴልንም በደንብ አይቼዋለሁ። ያን ሰሞን በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮች ላይ ብዙ ሲወራ ነበር። ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 የቮልቴጅ ችግር መኖሩን አምኖ በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ በሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) በኩል የሚጫን ማስተካከያ አወጣ። ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። አሜሪካ ላለ ሰው ይህ ጥሩ ዜና ነው። ለኛ ግን የተበላሸ ፕሮሰሰር መመለስ ማለት የሚሄድ ሰው መፈለግ፣ ከዚያ የሚመለስ ሰው መጠበቅ ነው። በዚያ ላይ የነዚያ ሶኬት 14ኛው ትውልድ ላይ አብቅቷል። ኤኤምዲ ኤኤም5ን ቢያንስ እስከ 2027 እንደሚደግፈው ተናግሯል። ነገ ኤክስ3ዲ በጥሩ ዋጋ ባገኝ ባዮሱን አድሼ በዚሁ ማዘርቦርድ ላይ እሰካዋለሁ።

7600ን ያስመረጠኝ ሌላው ነገር ውስጡ ያለችው ትንሽ ግራፊክስ ናት። ርካሹ 7500ኤፍ ይህች የለችውም። በጌም አቅሟ ደካማ ናት፣ ቀላልና ቆየት ያሉ ጌሞችን ካልሆነ አትችልም። ግን ግራፊክስ ካርዱ ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር አልመጣም ነበር፤ ሻንጣው ሞልቶ ለቀጣዩ ተጓዥ ቀረ። እስኪመጣ ድረስ ማሽኑ በዚህችው ሠራ። ዊንዶውስ ጫንኩ፣ ፊልም አየሁ፣ ሥራዬን ሠራሁ፣ ራሙንም ሞከርኩት። ካርዱ አንድ ቀን ቢበላሽ ደግሞ ኮምፒውተሩ አብሮ አይሞትም። ዕቃ በአንድ ቀን ከሱቅ በማይገኝበት ከተማ ይህ ብዙ ዋጋ አለው።

አሁን ወደ መብራት እንምጣ። እዚህ ፕሮሰሰር ሲመረጥ ዋቱ መታየት አለበት። 7600 ቢበዛ 88 ዋት ይወስዳል። ካርዴ 115 ዋት ነው። ማዘርቦርዱ፣ ማራገቢያዎቹና ሞኒተሩ ሲደመሩ መካከለኛ ዩፒኤስ ሳይጨነቅ ይሸከመዋል። ጌም መሃል መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ መጮህ ይጀምራል፣ እኔም ጨዋታውን ሴቭ አድርጌ ረጋ ብዬ አጠፋለሁ። ኮር አይ7-14700ኬ ግን ሲጨነቅ ብቻውን እስከ 253 ዋት ሊወስድ ይችላል። እንዲህ ያለ ፕሮሰሰር ላይ ጠንከር ያለ ካርድ ሲጨመርበት ትንሹ ዩፒኤስ መብራቱ በሄደበት ቅጽበት አብሮ ይሄዳል። ባዮስ የምታድሱም ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትሞክሩት። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱን ልታጡት ትችላላችሁ።

ስለ ራሙ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። ብዙ ሰው “ስንት ጊጋ ነው?” ብሎ ብቻ ይገዛል። ጊጋው ግን የታሪኩ ግማሽ ነው።

ፍጥነቱና ሲኤሉ አብረው ነው የሚታዩት። ስሌቱ ቀላል ነው። ሲኤሉን በ2000 አባዙት፣ ከዚያ በፍጥነቱ አካፍሉት። ራሙ መልስ ለመስጠት ስንት ናኖሰከንድ እንደሚፈጅበት ይነግራችኋል። 6000 በሲኤል 30 ሲሆን 10 ይመጣል። 6000 በሲኤል 40 ከ13 ይበልጣል። ሁለቱም ካርቶን ላይ በትልቁ “6000” ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ዕቃ የሚያመጣላችሁ ሰው ሲኤሉን እንዲያነብ አደራ በሉት። ከ6000 በላይ መሄድ ደግሞ በነዚህ ፕሮሰሰሮች ላይ ብዙም ትርፍ የለውም። የራም መቆጣጠሪያው ከራሙ ጋር እኩል የሚራመደው እዚያ አካባቢ ድረስ ነው።

ሁለት ራም ግዙ፤ አንድም አራትም አይሁን። አንድ ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ቻናል (የራም መስመር) ባዶውን ይቀመጣል፣ ጌሙም ይንገጫገጫል። አራት ሲሆን ደግሞ ዲዲአር5 ይከብደዋል። 7600 ላለበት ለራይዘን 7000 ወገን ኤኤምዲ በይፋ የሚያስቀምጠው ፍጥነት በሁለት ራም 5200 ነው፣ በአራት ራም ወደ 3600 ይወርዳል። በኤክስፖ (ራሙን በተጻፈለት ፍጥነት የሚያሠራው የባዮስ ምርጫ) ከዚያ በላይ መሄድ ይቻላል፣ ግን በሁለቱ ነው ቀላሉ። “አሁን 16 ልግዛ፣ ሌላ ጊዜ እጨምራለሁ” የሚለው የድሮ ዘዴ እዚህ ላይ ብዙ አያስኬድም። አራት ቀዳዳ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለቱን ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ሰኩ።

መጀመሪያ ስታበሩት የሚሆነውን ልንገራችሁ፣ እንዳትደነግጡ። ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ማዘርቦርዱ ጠርዝ ላይ ድራም ከሚል ጽሑፍ አጠገብ አንዲት ትንሽ መብራት በርታ ትቀራለች። ምንም አይንቀሳቀስም። ደቂቃዎች ያልፋሉ። ሰው ተበላሸ ብሎ ገመዱን የሚነቅለው ይሄኔ ነው። አትንቀሉት። ማዘርቦርዱ ከራሙ ጋር ራሱን እያስተካከለ ነው፤ የኤኤም5 ማሽኖች ጠባይ ነው። የኔም ቆይቶ ቆይቶ ባዮሱን አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ባዮስ ውስጥ ሜሞሪ ኮንቴክስት ሪስቶር የሚባለውን ማብራት ነው። እሱ ከበራ ማስተካከያውን ስለሚያስታውሰው ማሽኑ ቶሎ ይነሳል። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተር ለሚያስነሳ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ኤክስፖንም እዚያው አብሩት። ካላበራችሁት 6000 ብላችሁ የገዛችሁት ራም አብዛኛውን ጊዜ በ4800 ነው የሚሠራው። ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ሜሞሪ የሚለውን ብትጫኑ ፍጥነቱ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሁለቱንም መንገድ በካውንተር ስትራይክ 2 ሞክሬዋለሁ። አማካዩ ፍሬም ላይ ያለው ልዩነት ያን ያህል አይደለም። ጭሱ ሲበተንና ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲተኳኮስ ግን ኤክስፖ ሲጠፋ የሚሰማኝ መንተፋተፍ ሲበራ የለም። ከዚያ በፊት ግን ባዮሱን ወደ አዲሱ አድሱ። እ.ኤ.አ. በ2023 አንዳንድ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች በቮልቴጅ ብዛት ተቃጥለው ኤኤምዲ የኤስኦሲ ቮልቴጁን 1.3 ላይ እንዲገደብ አድርጓል። ገደቡ የሚመጣው ከባዮሱ ጋር ነው።

32 ጊጋ ይበዛል ወይ ለሚሉኝ፣ ለኔ አልበዛም። ሳይበርፐንክ 2077 ተከፍቶ፣ ክሮም ከኋላ ታብ ተደርድሮበት፣ ዲስኮርድ እየሠራ ከ20 ጊጋ በላይ ተይዞ አይቻለሁ። ታናሽ ወንድሜ ኤፍሲ የሚባለውን የእግር ኳስ ጌም ብቻ ነው የሚጫወተው። ለሱ ዓይነቱ ሰው 16 ይበቃል።

ስለ ሙቀት አጭር ነገር ልበል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ማራገቢያ ሙቀት የሚያወጣው በዝቅተኛ ቦታ ካለው ባነሰ አቅም ነው። ደግነቱ አየራችን ቀዝቃዛ ነው። 7600 ከካርቶኑ ጋር ትንሽ ማቀዝቀዣ ይዞ ይመጣል። እሱኑ ነው የምጠቀመው። በጌም ጊዜ ሙቀቱ 70ዎቹ ውስጥ ይቆያል፣ የፕሮሰሰሩ ጣሪያ 95 ነው። ቪዲዮ ሳቀናብር ከፍ ይላል፣ ድምፁም ይሰማል። ድምፅ የሚረብሸው ሰው ሌላ ማቀዝቀዣ ይግዛበት። አቧራውን ግን ችላ አትበሉ። ሰፈራችን ግንባታ አላቆመም፣ ማራገቢያውን በለስላሳ ብሩሽ አዘውትሬ አጸዳዋለሁ።

ኦንላይን ለምትጫወቱ አንድ ማስጠንቀቂያ። ላግ ሁሉ የኮምፒውተር አይደለም። የምንጫወትበት ሰርቨር ባሕር ማዶ ነው፤ ፒንጉን (መረጃው ሰርቨሩ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ) የትኛውም ፕሮሰሰር አያወርደውም። ፍሬሙ 144 ላይ ቆሞ ሰውየው ግድግዳ አልፎ ከገደላችሁ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ለዚያ ብላችሁ ፕሮሰሰር አትቀይሩ።

ዛሬ ብትጠይቁኝ የምመክረው ከያኔው ትንሽ ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ ክፉኛ ንሯል። የኤአይ ዳታ ሴንተሮች የፋብሪካዎቹን ምርት እየጠቀለሉት ነው። ማይክሮን ክሩሻል የሚባለውን ለተራ ሸማች የሚሸጠውን ዘርፉን እንደሚዘጋ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 አስታውቋል። አሁን ዲዲአር5 ለመግዛት አቅሙ ያለው ሰው የኔኑ ምርጫ ይድገም። ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድና ራም በአንድ ላይ የሚሸጡበትን ይፈልግ፣ ራሙን ለብቻው ከመግዛት ይሻላል።

አቅሙ ካልፈቀደ ኤኤም4 አልሞተም። ራይዘን 5 5600 ባለ ስድስት ኮር ነው፣ የሚሠራውም በዲዲአር4 ነው። 3200 በሲኤል 16 ብትገዙ በስሌታችን ያው 10 ናኖሰከንድ ይመጣል። ያገለገለ ራም ዘመድ ቤት ካለም ይጠቅማል። ግን 5600 ውስጡ ግራፊክስ የለውም። ካርዱ እጃችሁ ሳይገባ እሱን ብቻ ገዝታችሁ ከገጠማችሁ ምስል አይሰጣችሁም። ካርዱ የሚዘገይባችሁ ከሆነ 5600ጂን እዩት፤ ካሹ በግማሽ ያንሳል፣ ግን ካርዱ እስኪመጣ ድረስ ያጫውታል።