የደሴው የክረምት የባዮሎጂ ትምህርት፦ ከበግ ልብ እስከ ምርጫ ጥያቄ

ባለፈው ክረምት አሥረኛ ክፍልን የጨረሰችውን ልጄን ደሴ ውስጥ ባለ አንድ የግል የማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከል አስመዝግቤ፣ ለ6 ሳምንት የሰውን አካል ባዮሎጂ ተምራለች። ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ይሰጣል፤ ክፍያው ከመማሪያ ጥራዙ ጋር 2,400 ብር ነው። የማዕከሉን ስም የተውኩት፣ የማነሣቸው ጉድለቶች ሌሎች የክረምት ትምህርት ሰጪዎችንም የሚነኩ ስለሚመስለኝ ነው።

የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ያስተማሩት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረጅም ዘመን አገልግለው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑ ልጆቻችን «አርተሪ» እና «ቬይን» የሚሉትን ቃላት ከትርጉማቸው ይልቅ በፊደላቸው ነው የሚያውቋቸው። ልጄም «አርተሪ ኦክስጅን ያለው ደም ይሸከማል፣ ቬይን ኦክስጅን የሌለው» እያለች ስትሸመድድ ስሰማ ከርሜያለሁ። መምህሩ ግን አማርኛውን አስቀደሙ፤ ደም ቅዳ ከልብ ደም ቀድቶ የሚወስደው፣ ደም መልስ ደግሞ ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው መሆኑን ከስማቸው አውጥተው አሳዩ። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ቧንቧ ኦክስጅኑ የተሟጠጠ ደም ይዞ ሳለ ለምን ደም ቅዳ እንደተባለ ልጄ የዚያኑ ዕለት ማታ ቡና እየተቆላ አስረዳችኝ። ለካ የሚለያቸው የደሙ ዓይነት ሳይሆን የሚሄድበት አቅጣጫ ነው፤ እኔም በተማርኩበት ዘመን የያዝኩት የተሳሳተውን ነበር።

ስለ ዕጢዎች ሲያስተምሩም የጀመሩት «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ከሚለው ተረት ነው። ሁለቱም አንገትና ጆሮ አካባቢ የሚያብጡ ቢሆኑም፣ እንቅርት በአብዛኛው በአዮዲን እጥረት ምክንያት ከጉሮሮ ፊት ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሲያብጥ የሚመጣ እንደሆነ፣ ጆሮ ደግፍ ግን ከጆሮ በታች ያለውን የምራቅ ዕጢ የሚያሳብጥ፣ በቫይረስ የሚተላለፍ በሽታ እንደሆነ አስረዱ። ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ለዘመናት ባጠበበት ደጋ ላይ እህሉም ውሃውም አዮዲን እንደሚያንሰው ከሰማች ወዲህ፣ ልጄ ቤታችን የሚገባውን ጨው አዮዲን ያለው መሆኑን ሳታይ አታሳልፍም፤ ወጥ ላይም ጨው የሚጨመረው ሊወርድ ሲል እንዲሆን ታዝዛለች።

የትምህርቱ ዋና ቀን የበግ ልብ የተከፈተበት ነው። ቀኑ በፍልሰታ ጾም ላይ ስለዋለ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ዝግ ነበሩ፤ ልቡ የተገዛው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነው። መምህሩ ጿሚ ተማሪዎች ቅር እንዳይላቸው አስቀድመው ቢጠይቁ፣ አንዷ «አልበላው፣ ላየው ነው» ብላ ክፍሉን አሳቀችው፤ እሳቸውም «በሉ አብሽሩ» ብለው ቢላቸውን አነሡ። የበግ ልብ እንደ ሰው ልብ አራት ክፍል ያለው ነው። ልጆቹ በየተራ ጓንት አጥልቀው የታችኛውን የግራ ክፍል ግድግዳ ከቀኙ ጋር በጣታቸው ለኩ፤ የግራው በግልጽ ወፍሮ ተገኘ። የቀኙ ደሙን እዚያው ጎረቤቱ ወዳለው ሳንባ ብቻ ሲገፋ፣ የግራው እስከ እግር ጣት ድረስ ይልካልና ጡንቻው የሥራውን ያህል ነው። ልቡ ከመከፈቱ በፊት ደግሞ ከግራው ክፍል በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ውሃ በጆግ ቀስ ብለው ሲያፈሱበት፣ ሦስቱ ስስ ክዳኖች ተገጣጥመው ውሃውን ያዙት። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ሦስት ጣቶቿን አጋጥማ ነበር።

የሳንባን አሠራር በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስና በፊኛ አሳይተዋቸዋል፤ ሽንት የሚጠራቀምበት አካልም በአማርኛ ፊኛ መባሉ በኩላሊት ሳምንት ሌላ ሳቅ አስነሥቶ ነበር። የልብ ምትም ቆጥረዋል፦ የልጄ ተቀምጣ በደቂቃ 78፣ ደረጃውን ሦስት ጊዜ ወጥታ ከወረደች በኋላ 132። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሚመላለስ ተማሪ ስለነበር፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖር የደሴ ሰውና ወደ 1,850 ሜትር ላይ ያለው የኮምቦልቻ ሰው ማን ቀይ የደም ሴል ሊበዛው እንደሚችልና ስለምን እንደሆነ ተከራክረዋል። መምህሩም አየሩ በሳሳ ቁጥር ሰውነት ቀይ የደም ሴል እንደሚጨምር፣ በዚህ ያህል ልዩነት ግን ሁለት ልጆችን አይቶ መፍረድ እንደማይቻል ነግረዋቸዋል። ይህን ማለታቸውን ከሁሉም በላይ ወድጄላቸዋለሁ።

የሚያሳዝነው የቀሩት ሁለት ሳምንታት ነገር ነው። መምህሩ ሲሄዱ የተተኩት ወጣት መምህር ክፍሉን ወደ ምርጫ ጥያቄ ማስሠሪያ ለወጡት፤ በአንድ ጠዋት እስከ 80 ጥያቄ ይሠራል፣ መልሱ ፊደሉ ብቻ ይነገራል። የ12ኛ ክፍል ፈተና የወላጁንም የልጁንም እንቅልፍ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ልጄ ገና ሁለት ዓመት የቀራት ናት፣ እንዲህ ያለውን ወረቀት ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት በጥቂት ብር ታገኘዋለች። በማስታወቂያው ላይ ተስፋ የተሰጠው የደም ዓይነት ምርመራም ሳይካሄድ ቀርቷል። የመውጊያው ንጽሕና አሳስቧቸው ከተውት ልክ ናቸው፣ ለወላጅ ግን መናገር ነበረባቸው።

ማይክሮስኮፑ አንድ ብቻ ነው፤ ተማሪዎቹ 34 ናቸው። ከጉንጫቸው ውስጥ የፋቁትን ሴል ለማየት ተሰልፈው፣ ልጄ ተራዋ ሲደርስ ያየችው የራሷን ሽፋሽፍት ነበር። ዝናቡ ከጦሳ ተራራ ላይ ሲወርድ መብራት ይጠፋል፤ በቪዲዮ የታሰበው ትምህርትም አብሮ ይቀራል። ስለ መራቢያ አካላት የተሰጠውም ትምህርት ሴቶቹንና ወንዶቹን ለይቶ ነበር፤ ሴቶቹ ስለ ወር አበባ በቂ ማብራሪያ ሲያገኙ፣ ወንዶቹ በጊዜ ወደ ቤታቸው ተሰናብተዋል። እኔ ወንድ ልጅም ስላለኝ ይህን አልወደድኩትም፤ የእኅቱን ሕመም የማያውቅ ወንድም እቤታችን አያስፈልገንም።

በመጪው ክረምት ታናሽ ወንድሟን ለማስመዝገብ አስቤያለሁ፤ ከመክፈሌ በፊት ግን ጡረተኛው መምህር ስድስቱንም ሳምንት ያስተምሩ እንደሆነ፣ ለአንድ ማይክሮስኮፕ ስንት ተማሪ እንደሚመደብ፣ ወንዶቹም ስለ ወር አበባ ይማሩ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ምዝገባው ሰኔ መጨረሻ ላይ ስለሚጀመርና ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ፣ ሌላውም ወላጅ ቀደም ብሎ በአካል ሄዶ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ በስልክ የሚነገረው ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ብቻ ነው።