የበረዶ ጎማ፣ ኦል ሲዝን ወይስ ያገለገለ፦ ገንዘባችሁን የቱ ላይ ታውሉት?

ብርዱ ሲጀምር ከየአቅጣጫው የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው። «መኪናዬ ኦል ሲዝን (ለሁሉም ወቅት ተብሎ የሚሸጠው) ጎማ አለው፤ እሱ አይበቃም ወይ?» በረዶ መንገድ ላይ በሚሰነብትበት ቦታ የምትነዱ ከሆነ አይበቃም። 4 የበረዶ ጎማ ከነቸርኬው ግዙ። በረዶ በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ጥሎ ወዲያው የሚቀልጥበት ቦታ ከሆናችሁ ግን ሌላ ነው፤ እሱንም እመጣበታለሁ።

«ውድ ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ብዙ የምቆየውም እዚያው ላይ ነው።

በቅድሚያ ላስቲኩ። ሰው ጎማ ሲመርጥ ጥርሱን ያያል፤ ዋናው ነገር ግን ላስቲኩ የተቀመመበት ነው። አየሩ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ የበጋ ጎማ እየደረቀ ይሄዳል። መንገዱ ላይ በረዶ ባይኖርም አስፋልቱን መያዝ ያቅተዋል። የበረዶ ጎማ በብርድም ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ ነው የተሠራው። ጥርሱ ላይም ምላጭ ያለፈባቸው የሚመስሉ ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት፤ ጎማው ሲዞር ከፈት እያሉ በረዶውን ይነክሳሉ። ውጭ ያደሩ ሁለት ጎማዎች ካገኛችሁ ጠዋት በአውራ ጣታችሁ ጫን በሏቸው። የበረዶው ጎማ ጥርስ እሺ ይላል፤ የበጋው ንቅንቅ አይልም።

ኦል ሲዝን ሁለቱንም ለማስታረቅ የተሠራ ነው። ለዝናብና ለቀላል ብርድ ይሆናል። ችግሩ ጎኑ ላይ «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S) የሚል ጽሑፍ ስላለው ብዙ ሰው የበረዶ ጎማ ነው ብሎ መግዛቱ ነው። ይህ ምልክት ለጭቃና ለበረዶ ነው ይላል እንጂ ጎማው በረዶ ላይ ተፈትኖ አልፏል ማለት አይደለም። የምትፈልጉት ምልክት ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ሆኖ መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ነው። እሱ የሚሰጠው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ተሞክሮ የተወሰነ ደረጃ ላለፈ ጎማ ብቻ ነው። ጀርመን ከጥቅምት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤም ፕላስ ኤስ ብቻ ያለበትን ጎማ ለበረዶ መንገድ አትቀበልም።

ተራራው ያለበት ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ፈተናው በረዶ ላይ ያለውን ጉተታ ነው የሚለካው፤ መስታወት በሆነ ግግር ላይ ፍሬን ሲያዝ ምን እንደሚሆን አይነግራችሁም። አውሮፓ ውስጥ ከግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወጣው የጎማ መለያ ወረቀት ላይ ለግግር የተለየ ምልክት አለ። ጠዋት ጠዋት መንገዳችሁ ግግር የሚሆን ከሆነ እሱን ፈልጉ። በአጠቃላይ ለስካንዲኔቪያ ተብሎ የሚሠራው የበረዶ ጎማ ለስላሳ ነው፤ ለግግር ይሻላል። ለመካከለኛው አውሮፓ የሚሠራው ጠንከር ይላል፤ ለእርጥብ አስፋልትና ለፈጣን መንገድ ይስማማል። ሻጩ ካላወቀ የፍጥነት ፊደሉን እዩ፤ ጎማው የሚችለውን ከፍተኛ ፍጥነት የሚናገር፣ ጎኑ ላይ የተጻፈ ፊደል ነው። ኪው (160 ኪሎ ሜትር በሰዓት)፣ አር (170) ወይም ቲ (190) ከሆነ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ኤች (210) ወይም ቪ (240) ከሆነ ሁለተኛው ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሰው የበረዶ ጎማን ሁለት ጊዜ ጎማ መግዛት አድርጎ ያየዋል። የበረዶው ጎማ መንገድ ላይ ባለበት ጊዜ ሁሉ ግን የበጋው ተቀምጧል፤ አያልቅም። አንድ ሙሉ ጎማ ዓመቱን ሙሉ ተነድቶ 4 ዓመት የሚቆይላችሁ ከሆነ፣ ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ስትነዱ ተደምረው ወደ 8 ዓመት ይወስዷችኋል። ለጎማ የምታወጡት ገንዘብ ያው ነው፤ ልዩነቱ ቀድማችሁ መክፈላችሁ ነው። እውነተኛው ጭማሪ ቸርኬው፣ ማስቀመጫ ቦታውና የመቀየሪያው ነው።

ቸርኬውም ዋጋውን ይመልሳል። አንድ ቸርኬ ላይ የምታፈራርቁ ከሆነ በዓመት ሁለቴ ጎሚስታ ጋ ትሄዳላችሁ። አራቱን ማውለቅ፣ አራቱን መግጠም፣ አራቱን ባላንስ ማስደረግ አለ። የ4 ብረት ቸርኬ ዋጋ ጠይቁ። ከዚያ የአንድ ጊዜ መቀየሪያውን ጠይቁና በሁለት አባዙት፤ የዓመቱን ታገኛላችሁ። ቸርኬውን ለዚያ አካፍሉትና ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እዩ። በዚህ ስሌት ውስጥ የማይገባ ሌላም ኪሳራ አለ። ጎማ ከቸርኬ በወጣና በገባ ቁጥር ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ጠርዙ ይጎዳል። እሱ ከተቀደደ ደግሞ ጥርሱ ምንም አዲስ ቢሆን ጎማው ተጣለ ማለት ነው። የራሱ ቸርኬ ካለው ክሪክና የጎማ መፍቻ ይዛችሁ ራሳችሁ ትቀይሩታላችሁ። የንፋስ መጠን የሚያሳየው ሴንሰር ያለው መኪና ከሆነ ግን ለሁለተኛው ቸርኬም 4 ሴንሰር ሊያስፈልግ ስለሚችል ሒሳቡ ውስጥ አስገቡት።

ዋጋ የሚቀንስ አንድ መላ ልንገራችሁ። መኪናችሁ በ18 ኢንች ቸርኬ ከመጣ በ17 ወይም በ16 መሄድ ይቻል እንደሆነ መመሪያ መጽሐፉ ላይ ፈልጉ። አነስ ያለው ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፤ ልዩነቱ ደግሞ በአራት ይባዛል። ለበረዶም የሚመረጠው እሱ ነው። ጠበብ ያለ ጎማ በረዶውን ቆርጦ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሰፊው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ከመክፈላችሁ በፊት ብቻ ትንሹ ቸርኬ ፍሬኑን እንደማይነካ አረጋግጡ። የብሎኑንም መቀመጫ እዩ፤ የብረት ቸርኬና የአሉሚኒየም ቸርኬ ብሎን አንዳንድ መኪና ላይ ይለያያል።

ያገለገለ ጎማ ላይ ግን መጠንቀቅ አለባችሁ። አንድ ወዳጄ «እንደ አዲስ» የተባለ 4 የበረዶ ጎማ በአዲሱ ግማሽ ዋጋ ገዛ። ጥርሱ ጥልቅ ነው፤ ላዩ በቅባት ተወልውሎ ጥቁር ብሎ ያበራል። በመጀመሪያው በረዶ ትንሽ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ መኪናው ዝም ብሎ ተንሸራተተ። አብረን ክሪክ አድርገን ጎማውን አወለቅነው። የተሠራበት ቀን ወደ መኪናው ሆድ ዞሮ ነው የተገጠመው። ጨርቅ አርጥበን ስንጠርገው 9 ዓመት የሞላው ጎማ ሆኖ ተገኘ። ጥርሱ ሥር ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ነበሩ፤ ጥፍር ሲጫነው ምልክት እንኳን አይዝም። ላስቲኩ ደርቋል። በዚያው ሰሞን አዲስ ገዛ። ግማሽና ሙሉ ሲደመር አንድ ተኩል ዋጋ ከፈለ ማለት ነው።

ስለዚህ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ቀኑን ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያለው መስመር መጨረሻ ላይ 4 አኃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። 4119 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ41ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ይህ ቀን ብዙ ጊዜ በጎማው አንድ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ሻጩን «አዙረህ አሳየኝ» በሉት። አራቱንም አንድ በአንድ እዩ፤ ሦስቱ አዲስ ሆነው አንዱ አሮጌ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እኔ ከ5 ዓመት በላይ የሆነውን በነፃም አልወስደውም።

ሌላው ማጭበርበር ያለቀ ጎማን በትኩስ ቢላ እንደገና መቦርቦር ነው። ለከባድ መኪና ተብሎ የሚሠራ፣ ለዚህ የተፈቀደ ጎማ አለ። የቤት መኪና ጎማ ላይ ሲደረግ ግን ሽቦው ሊደርስ ጥቂት ነው የሚቀረው። ቦዩ ውስጥ ጣታችሁን አስገቡ። ከፋብሪካ የወጣው ለስላሳና እኩል ነው፤ በቢላ የተቆረጠው ይሻክራል፣ ጥልቀቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቦዩ ውስጥ ያሉት የማለቂያ ምልክት የሆኑት ትናንሽ ጉብታዎች ከጠፉ ወይም ከተቆረጡ ጥላችሁ ሂዱ። ጥልቀቱንም ለኩ። አዲስ የበረዶ ጎማ 8 ወይም 9 ሚሊ ሜትር ገደማ አለው። ከ4 በታች ሲሆን በረዶ ላይ ያለው ጥቅም አብቅቷል። ኦስትሪያም ከ4 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን እንደ በረዶ ጎማ አትቆጥረውም።

«ሁለት ብቻ ልግዛ» የሚለውን እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። የፊት ጎማ በሚነዳው መኪና ላይ ሁለቱን ፊት ብታስገቡ ፊቱ ይይዛል፣ ኋላው ይለቃል። ኩርባ ላይ ፍሬን ስትነኩ መኪናው በጀርባው ይዞራል። የገንዘብ እጥረት ካለ ርካሽ ስም ያለው አዲስ 4 ጎማ፣ ተራራው እስካለበት ድረስ፣ ከውድ ሁለት ጎማ እጅግ ይሻላል። «ፎር ዊል ድራይቭ ነው ያለኝ» ለሚሉም መልሴ ያው ነው። ፎር ዊል ድራይቭ ለመነሳት ይረዳችኋል። ለመቆም ግን ያላችሁ ጎማው ብቻ ነው።

ባለ ሚስማር ጎማስ? ግግሩ ለወራት በማይለቅበት ገጠር መንገድ ከእሱ የሚበልጥ የለም። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ይጮሃል፣ ይዞታውም ይቀንሳል። በዚያ ላይ እንደ ጀርመን ያሉ አገሮች ይከለክሉታል፤ ከመግዛት በፊት ሕጉን ጠይቁ። በረዶ እምብዛም ለማይጥልባቸው ቦታዎች ደግሞ ተራራው ያለበት ኦል ዌዘር የሚባለው ጎማ ጥሩ ነው። ሚሼሊን በ2015 እ.ኤ.አ. ክሮስ ክላይሜት የተባለውን ጎማ ካወጣ ወዲህ የዚህ ዓይነት ጎማ በጣም ተሻሽሏል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጎማ፣ መቀየሪያ የለ፣ ማስቀመጫ የለ። ሁለት ሦስት ቀን በረዶ ለሚያይ ሰው እኔም እሱን እመርጥለታለሁ።

ከጎማው ሌላ መኪናው ራሱ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ባትሪውን አስፈትሹ፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ባትሪ ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉን ያጣል፣ ሞተሩ ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው የሚከብደው። የራዲያተሩ ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ከሆነ እስከ ዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ አይረጋም። ውሃ ብቻ ጨምሮ የሰነበተ ካለ አሁኑኑ ያስቀይር፤ የኩላንት ዋጋ ከተሰነጠቀ ሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የዋይፐሩንም ውሃ በማይረጋው ፈሳሽ ቀይሩ።

የጎማ ንፋስ በብርድ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ለኩ። አየሩ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ንፋሱ ወደ 0.1 ባር ይወርዳል። 20 ዲግሪ በሆነ ጋራዥ ውስጥ የሞላችሁት ጎማ ውጭ ዜሮ በታች 10 ላይ ሲያድር 0.3 ባር ያህል ጎድሎ ታገኙታላችሁ። «መንገዱን የበለጠ እንዲይዝ ንፋስ ቀንሱ» የሚሉትን አትስሙ፤ የሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተጻፈውን ሙሉ።

የበረዶ ጎማውን ስትገጥሙ ጎኑ ላይ ቀስት ካለው፣ ቀስቱ መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ጎማው ወደሚዞርበት አቅጣጫ መሆኑን እዩ። ብሎኖቹን በመስቀልኛ፣ አንዱን ከአንዱ ትይዩ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ፈትሿቸው። ባወለቃችሁት የበጋ ጎማ ላይ ደግሞ «ፊት ቀኝ»፣ «ኋላ ግራ» እያላችሁ በጠመኔ ጻፉበትና ፀሐይ የማይደርስበት፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።